«ቴክ»ን በፈረንሳይኛ፦ የትኛው ግስ ለየትኛው ቦታ? ለጅማ አስጎብኚዎች፣ አስተርጓሚዎችና ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው የሚደርስበት። እንግዳ ይዞ ወደ ጅሬን የሚወጣ አስጎብኚ፣ የሊሙንና የጎማን ቡና ለገዢ የሚያስቀምስ ባለሙያ፣ ለውጭ ሐኪም የሚያስተረጉም ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉም በቅድሚያ የሚያስቡት ትምህርት ቤት በተማሩት እንግሊዝኛ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛ «ቴክ» በሚባል አንድ ግስ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ መድኃኒት ይውጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፈተና ይፈተናል፣ እንግዳ ያደርሳል፣ ሰዓትም ይፈጃል። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ከፊት የሚመጣው ፈረንሳይኛ «ፕራንድር» ነው፤ ሰው እሱን ይይዝና ባገኘው ቦታ ሁሉ ይሰካዋል። አንዳንዱ ቦታ ልክ ይገባል፣ አንዳንዱ ቦታ ያስቃል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ሳታውቁት ሌላ ነገር ያናግራችኋል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ ፈረንሳይኛውን በፊደላችን ስንጽፈው «አን» እና «ኦን» ውስጥ ያለችው «ን» ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ ብቻ የምትወጣ ናት፤ ምላስ ጥርስ አይነካም። ይህ ቅንጦት አይደለም። ወደ ኋላ እንደምታዩት «መውሰድ»ን ከ«ማምጣት» የምትለየው ያቺው «ን» ናት።

መመዘኛዎቹ

ግስ ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ቦታ የሚለውጥ ነገር አለ? ካለ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?
2. ጉዞው ከዚህ ወደዚያ ነው ወይስ ወደዚህ?
3. ነገሩ ስለ ጊዜ ከሆነ፣ ጊዜውን የሚፈጀው ማን ነው? ሰው፣ መኪና፣ ሥራ ወይስ ዝግጅት?
4. ከግሱ ጋር የተጣበቀው ስም ምንድን ነው? ፈተና? ትምህርት? ሽርሽር?

ለእነዚህ ጥያቄዎች እንግሊዝኛው መልስ አይሰጥም፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎታል። አማርኛው ግን ይሰጣል። ስለዚህ ወደ ፈረንሳይኛ ከመሄዳችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉት፤ ግን በድሮው አማርኛ። ዛሬ «ፈተና ወሰድኩ»፣ «ኮርስ ወሰድኩ»፣ «ሦስት ሰዓት ይወስዳል» እንላለን፤ ይህ አነጋገር እንግሊዝኛው የተጫነው ነው። «ተፈተንኩ»፣ «ተማርኩ»፣ «ሦስት ሰዓት ይፈጃል» ስትሉ ሦስት የተለያዩ ግሶች ከፊታችሁ ይቆማሉ፤ ፈረንሳይኛውም የሚፈልገው ሦስት የተለያዩ ግሶች ነው። አፋን ኦሮሞ ለሚናገርም መንገዱ ቅርብ ነው፤ «ፊዱ» (ማምጣት) እና «ጌሱ» (ማድረስ) ማለትን የሚለይ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ሳያስበው መልሶታል።

አማርኛው የማያግዘው በአንደኛው ጥያቄ ላይ ነው። እኛ ልጁንም ሻንጣውንም «ወሰድኩ» እንላለን፤ ፈረንሳይኛ ለሰውና ለዕቃ ግስ ይለያል።

አማራጭ አንድ፦ ፕራንድር

መሠረታዊ ትርጉሙ በእጅ መያዝ፣ ማንሳት ነው። በዕለት ኑሮ ከዚህ ብዙ ይሰፋል፤ አውቶቡስ ወይም ባጃጅ መሳፈር፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መወሰን፣ ቡና ወይም ቁርስ መቅመስ፣ በአንድ መንገድ መታጠፍ። ሂርማታ ገበያ ላይ እንግዳው በርጩማ ወዶ «ዥ ል ፕራን» ካለ ዋጋው ተስማምቶታል፤ ልግዛው ማለቱ ነው። «ዣን ፕራን ደ» ካለ ደግሞ ሁለት ይፈልጋል። ብዛት ሲጠራ ያቺ «አን» የምትል ትንሽ ቃል የግድ ናት፤ እኛ «ሁለት እወስዳለሁ» ብለን እንደምንጨርሰው አይጨርሱትም።

እርባታው ትንሽ ያስቸግራል። እኔ ስል «ፕራን»፣ እኛ ስንል «ፕረኖን»፣ እናንተ ወይም እርስዎ ሲሆን «ፕረኔ»፣ እነሱ ሲሆን «ፕሬን»። ያለፈው ጊዜ «ፕሪ» ነው፤ ግን የተወሰደው ነገር በሴት ጾታ የሚጠራ ሆኖ ከግሱ ቀድሞ ከመጣ «ፕሪዝ» ይሆናል። «ያነሳሁት ፎቶ» ለማለት «ላ ፎቶ ክ ዤ ፕሪዝ» ነው፤ ፎቶ በፈረንሳይኛ ሴት ናት።

ዋናው ወጥመድ መስተዋድዱ ነው። «ከሰው ላይ ወሰደ» ስንል «ከ» አለ፤ በፈረንሳይኛ «ከ» የሚመስለው «ድ» እዚህ አይገባም። ከሰው ሲሆን «አ» ነው፣ «ለ» እንደማለት። ስልኩን የተሰረቀ ሰው «ኦን ማ ፕሪ ሞን ቴሌፎን» ይላል። ዕቃ ካለበት ቦታ ሲነሳ ደግሞ የሚነገረው የነበረበት ቦታ ነው፤ ከመሳቢያ ሲሆን «ዳን ል ቲርዋር» (መሳቢያው ውስጥ)፣ ከጠረጴዛ ሲሆን «ስዩር ላ ታብል» (ጠረጴዛው ላይ)። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ተከትሎ «ከ» የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ትንሽ ጎን ልውጣ፦ ከጅማ መናኸሪያ አዲስ አበባ የሚሄደው አገር አቋራጭ አውቶቡስ በፈረንሳይኛ «ካር» ይባላል። «ፕራንድር ል ካር» የሚል ፈረንሳዊ የሚጠይቃችሁ የኪራይ መኪና ሳይሆን የአውቶቡስ ትኬት ነው።

አማራጭ ሁለት፦ አራቱ የጉዞ ግሶች

ለአስጎብኚና ለሾፌር ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚሁ ነው። ቦታ የሚለወጥ ከሆነ «ፕራንድር»ን እርሱት።

- «አንምኔ»፦ ሰውን ከዚህ ወደዚያ መውሰድ
- «አምኔ»፦ ሰውን ወደዚህ ማምጣት
- «አንፖርቴ»፦ ዕቃን ይዞ መሄድ
- «አፖርቴ»፦ ዕቃን ማምጣት

አሠራሩ ሲገባ ቀላል ነው። «ምኔ» መምራት ነው፣ በእግሩ ለሚሄድ፤ «ፖርቴ» መሸከም ነው፣ ለሚያዝ ነገር። ከፊቱ «አን» ሲገባ ከዚህ መራቅ፣ «አ» ሲገባ ወደዚህ መድረስ። እንግዳውን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልትወስዱት ከሆነ «ዥ ቩዛንሜን ኦ ፓሌ» ነው። የተቆላ ቡና ጠቅልሎ አገሩ ይዞ ሊሄድ ከፈለገ «አንፖርቴ» ነው፤ ካፌ በር ላይ «ካፌ አ አንፖርቴ» የሚለውም ይዘውት የሚሄዱት ቡና ነው። ስኒውን እሱ ወደተቀመጠበት የምታመጡ ከሆነ «አፖርቴ»።

በርጩማውን «አንምኔ» ብትሉት በርጩማው በሦስት እግሩ ተከትሎ እንደሚሄድ ያህል ይሰማቸዋል፤ ይስቃሉ እንጂ ይገባቸዋል። እነሱም ራሳቸው በተራ ንግግር «አምኔ»ን ለዕቃ ሲጠቀሙበት ትሰማላችሁ። በጽሑፍና በፈተና ላይ ግን ይቆጠርባችኋል። የባሰው ስህተት የአፍንጫዋን «ን» መጣል ነው፤ ያኔ «ወደ ሆቴሉ እወስዳችኋለሁ» ያላችሁት «አመጣችኋለሁ» ይሆናል፣ እንግዳውም እናንተ ሆቴሉ ውስጥ ሆናችሁ የምትደውሉ ይመስለዋል። በስልክ ቀጠሮ ስትይዙ ይህን ልብ በሉ።

ከአራቱ ጎን ሦስት ረዳቶች አሉ። አብሮ መሄድ ከሆነ «አኮንፓኜ»፤ ይህ ጨዋ ቃል ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚመረጠውም እሱ ነው። ሰውን ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሆቴሉ መልሶ ማድረስ ከሆነ «ራኮንፓኜ»። በመኪና አድርሶ መመለስ ከሆነ ደግሞ «ዴፖዜ»፤ «ዥ ቩ ዴፖዝ አ ላኤሮፖር» ያለ ሾፌር አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አውርዷችሁ ይሄዳል፣ አይጠብቅም።

አማራጭ ሦስት፦ የጊዜ ግሶች

«ይፈጃል» ለማለት አራት መንገድ አለ፤ የሚለያዩትም በባለቤታቸው ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ እንደ መኪናውና እንደ ዝናቡ ቢለያይም ሰባት ሰዓት እንበል።

«ኢል ፎ ሴት ኧር» ስትሉ ባለቤት የለም፤ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ለማንም ቢሆን። ይህ ግስ ከ«ኢል» በቀር ባለቤት አያውቅም፤ «ዥ ፎ» ወይም «ቩ ፎ» የሚባል ነገር የለም። «ል ካር ሜ ሴት ኧር» ስትሉ ሰባት ሰዓት የሚፈጀው ይህ አውቶቡስ ነው፣ ሌላው ሊፈጥን ይችላል። «ሜ» የሚለው ግስ መነሻው «ሜትር» ነው፣ ማስቀመጥ ማለት፤ ባለቤቱ ሰው ወይም ተሽከርካሪ ሲሆን ይመረጣል። «ሳ ፕራን ሴት ኧር» ደግሞ ለሥራና ለጉዳይ የሚሆን የንግግር አማራጭ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም፣ ከተጠራጠራችሁ እሱን በሉ። አራተኛው «ድዩሬ» ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ዝግጅት። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቆየውን ጊዜ ለእንግዳ ስትናገሩ «ላ ሴሬሞኒ ድዩ ካፌ ድዩር ዩን ኧር» ትላላችሁ፤ እዚህ ላይ «ሜ» ቢባል ሥርዓቱ ራሱ ሰዓት ሲቆጥር የዋለ ይመስላል።

«አይቸኩሉ፣ ቀስ ይበሉ» ለማለት ግን «ፕረኔ ቮትር ታን» ነው፤ እዚህ «ፕራንድር» በቦታው ነው።

አማራጭ አራት፦ ስሙ ግሱን የሚመርጥባቸው

እዚህ ደንብ የለም፤ ስሙን ከግሱ ጋር አንድ ላይ መያዝ ብቻ ነው።

መፈተን «ፓሴ ኧን ኤግዛመን» ነው። ይህን ደምቆ በተሠመረ መስመር ጻፉት። «ፓሴ» የእንግሊዝኛውን «ማለፍ» ይመስላል፤ አይደለም፣ ለፈተና መቀመጥ ብቻ ነው። ማለፍ «ሬዩሲር» ነው። በሥራ ማመልከቻ ላይ «ዤ ፓሴ» ብሎ የጻፈ ሰው ያለፈ መስሎት ተፈተንኩ ብቻ ብሏል፤ ሌላኛው ደግሞ «ፕራንድር» ብሎ ጽፎ ምንም ሳይል ቀርቷል።

ትምህርት መከታተል «ስዊቭር ኧን ኩር» ነው፤ «ስዊቭር» መከተል ስለሆነ ከአማርኛችን «መከታተል» ጋር ይገጥማል። ሽርሽር፣ ጉዞና የቀን እንቅልፍ «ፌር» ይፈልጋሉ፣ ማድረግ ማለት፦ «ፌር ዩን ፕሮምናድ»፣ «ፌር ኧን ቮያዥ»፣ «ፌር ላ ሲዬስት»። እረፍት በ«ፌር»ም በ«ፕራንድር»ም ይሄዳል። የልብስና የጫማ ቁጥር ሲጠየቅም «ፌር» ነው፤ «ኬል ፕዋንቲዩር ፌት ቩ?» ካሏችሁ የጫማ ቁጥራችሁን ተናገሩ።

ሆስፒታል ውስጥ ልዩነቱ ይጠብቃል። ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካት በ«ፕራንድር» ይነገራሉ። ደም ለምርመራ መውሰድ ግን «ፌር ዩን ፕሪዝ ድ ሳን» ነው፣ ራጅ ማንሳትም «ፌር ዩን ራዲዮ»። ሐኪሙ «ራዲዮ» ሲል ዜና አይደለም የሚፈልገው።

አማራጭ አምስት፦ ጨርሶ ሌላ ግስ፣ እና ፈሊጦች

እንግሊዝኛው «ቴክ» ላይ ቅጥያ ሲጨምርበት ፈረንሳይኛው ግሱን ቀይሮ ይሄዳል። ጫማ ማውለቅ «አንልቬ»፣ አውሮፕላን መነሳት «ዴኮሌ»፣ በአንድ ነገር መጠቀም «ፕሮፊቴ ድ»፣ መከናወን «አቭዋር ሊየ»፣ ወላጅን መምሰል «ትኒር ድ»፣ ካርድ መቀበል «አክሴፕቴ»፣ ይቀመጡ «አሴዬ ቩ»። «በቃኝ፣ አልቻልኩም» ደግሞ «ዥ ናን ፐ ፕልዩ» ነው። እነዚህን እንደ አዲስ ቃል ያዟቸው፤ ከ«ቴክ» ጋር አታያይዟቸው።

ፈሊጦቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ቃል በቃል የሚገጥም አለ፦ በሬን በቀንዱ መያዝ፣ ማለትም ችግርን ፊት ለፊት መግጠም፣ «ፕራንድር ል ቶሮ ፓር ሌ ኮርን» ነው። ግሱ ሳይለወጥ ምስሉ ብቻ የሚለወጥ አለ፦ እንግሊዝኛው ወሬን «በቁንጥር ጨው ውሰደው» ሲል ፈረንሳይኛው «ፕራንድር አቬክ ዴ ፓንሴት» ይላል፣ በወረንጦ ያዘው እንደማለት። እግሬ አውጪኝ ማለትም «ፕራንድር ሴ ዣንብ አ ሶን ኩ» ነው፤ እግርን አንገት ላይ ማድረግ፣ እንዴት እንደሚሮጡ እነሱ ያውቃሉ። ሦስተኛው ዓይነት ሁሉም ነገር የሚለወጥበት ነው፦ ሰውን ማታለል እንግሊዝኛው «ለሽርሽር መውሰድ» ሲለው ፈረንሳይኛው «ምኔ አን ባቶ» ይለዋል፣ በጀልባ መምራት። ለሰው ሥራ አድናቆት መግለጽም ቆብ ከማውለቅ ይልቅ መሳብ ነው፣ «ቲሬ ሶን ሻፖ»። ሰውን በቃሉ ማመን «ክርዋር ስዩር ፓሮል»።

ፈሊጥ መስማትና ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መናገር ሌላ። ለእንግዳ ቋንቋ ተናጋሪ ሰምቶ መረዳቱ ይበቃል፤ በቦታው ያልገባ ፈሊጥ ከተሳሳተ ግስ ይልቅ ጆሮ ይጎረብጣል።

በአንድ እይታ

| ልትሉ የፈለጋችሁት | ምረጡ | የሚያሳስተው |
|---|---|---|
| አውቶቡስ መሳፈር | ፕራንድር | «ካር» አውቶቡስ ነው |
| መድኃኒት መዋጥ | ፕራንድር | የለም |
| ከሰው ላይ መውሰድ | ፕራንድር … አ | «ድ» ማለት |
| እንግዳን ወደ ጅሬን መውሰድ | አንምኔ፣ አኮንፓኜ | «ን»ን መጣል |
| ቡና ይዞ መሄድ | አንፖርቴ | «አንምኔ» ማለት |
| ቡና ማቅረብ | አፖርቴ | «አንፖርቴ» ማለት |
| መንገድ ሰባት ሰዓት ሲፈጅ | ኢል ፎ፣ ሜትር | «ኢል ፎ»ን ሌላ ባለቤት መስጠት |
| ዝግጅት አንድ ሰዓት ሲቆይ | ድዩሬ | «ሜትር» ማለት |
| መፈተን | ፓሴ | «አለፍኩ» መምሰሉ |
| ማለፍ | ሬዩሲር | «ፓሴ» ማለት |
| ሽርሽር፣ ራጅ | ፌር | «ፕራንድር» ማለት |
| ጫማ ማውለቅ | አንልቬ | የለም |

ለማን የቱ?

አንድ ሳምንት ብቻ ያለው አስጎብኚ ወይም ሾፌር አማራጭ ሁለትን አጥብቆ ይያዝ፤ ከአማራጭ ሦስት «ኢል ፎ»ን ብቻ፣ ከአምስት «አንልቬ»ን ይጨምር። ጫማ የሚወለቅበት ቤት ሁልጊዜ አይጠፋም። ፈሊጡን ይተወው።

ቡና ለሚያስቀምስና ለሚሸጥ «ፕራንድር» ከብዛት ጋር፣ «አንፖርቴ» እና «አፖርቴ» ይበቃሉ። ለሚያስተረጉም ነርስ አማራጭ አንድና አራት ናቸው፤ ሰውን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ሲመጣ ብቻ «አንምኔ»ን ያክል።

«ዴልፍ» የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና ለመፈተን የሚዘጋጅ ተማሪ አምስቱንም ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ግን የመስተዋድዱን ጉዳይና የ«ፕሪ» እና «ፕሪዝ»ን ልዩነት ያጥራ። ጽሑፉን የሚያርመው ሰው ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። ደብተርና የስልክ መተርጎሚያ ይበቃሉ፣ አጠቃቀሙ ከታወቀ። መተርጎሚያውን ነጠላ ቃል ከጠየቃችሁት «ፕራንድር» ብሎ ያሰናብታችኋል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት፣ ማን፣ ምንን፣ ወዴት የሚለው ሁሉ የገባበት። ከዚያ የመጣውን ፈረንሳይኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት፤ «አመጣ» ያላሰባችሁት ቦታ ላይ ከወጣ ግሱ ተሳስቷል። የወረቀት መዝገበ ቃላት ካላችሁ በ«ቴክ» ሥር ያለውን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አንብባችሁ አትዝጉት፤ ሰው ሲሆን፣ ዕቃ ሲሆን፣ ጊዜ ሲሆን የሚሉት ማመልከቻዎች ከታች ናቸው፣ ምርጫውም ያለው እነሱ ላይ ነው። ከፍ ያለ በጀት ያለው ደግሞ አዲስ አበባ በሚገኘው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ መማር ይችላል። የአፍንጫዋን «ን» የሚያርም ጆሮ ከደብተር አይገኝም።

ወደ ሞንትሪያል ለመሄድ የሚያስቡ ደግሞ አንድ ልዩነት ይያዙ፦ ሞንትሪያል ባለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ ኬቤክ ውስጥ «ፕራንድር ዩን ማርሽ» ሲባል ትሰማላችሁ፣ በእግር ዞር ዞር ማለት ነው፣ የመኪና ማርሽ አይደለም። ከእንግሊዝኛው ጎረቤት የተወሰደ አነጋገር ነው፤ እዚያ ይሠራል፣ ፈረንሳይ ውስጥ «ፌር ዩን ፕሮምናድ» በሉ።